የገደል ማሚቶው ሳጥን

ሰኞ፣ ጁን 5

ይህን ደብተር ዶን ቴዎዶሲዮ የሰጡኝ የቡድኑን መሣሪያዎች እንድመዘግብበት ነው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የገመዶቹን ብዛት፣ የድምፅ ማጉያዎቹን ጉዳትና የተቀየሩትን ፊውዞች ጽፌአለሁ። ከዚህ ገጽ በኋላ ያለውን ግን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። አራት ዓመት ብቻ የተማረ ሰው ያችኑ የተማራትን እንዳይረሳ መጻፍ ይኖርበታል፤ ሲጽፍም እንደ ሰካራም ሳይንገዳገድ፣ ቀጥ ብሎ መጻፍ ይኖርበታል።

ትናንት ከማቱካና በላይ ወዳለው ፏፏቴ ወጣን። የቅዱስ ያዕቆብ በዓል ሰባት ሳምንት ሲቀረው በየዓመቱ እንወጣለን። ዶን ቴዎዶሲዮ ጊታራቸውንና የገደል ማሚቶውን ሳጥን በፖንቾ፣ ማለትም በደጋው የሱፍ ካባ፣ ጠቅልለው ውሃው ከሚወድቅበት ዓለት ሥር ያኖራሉ፤ የውሃዋ እመቤት ሌሊቱን ቃናቸውን ታበጅላቸዋለች። ሕጉ አንድ ነው፤ አኑሮ የወረደ ሰው ወደ ኋላ አያይም። ካየ እመቤቲቱ ቃናውን ለራሷ ታስቀራለች። ዶን ቴዎዶሲዮ ይህን ከአባታቸው ተረክበውታል፤ አባታቸው ግን የሚያኖሩት ቫዮሊን ነበር እንጂ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሳጥን አልነበረም።

ሳጥኑ ጡብ የሚያህል ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። በእግር ሲረገጥ፣ ጊታሩ ያለውን ሁሉ እየደከመ ሦስት ጊዜ ይመልሳል፤ ገደል ለገደል የሚጠራራ ሰው ይመስላል። «ሰማያዊ መብረቅ» የሚባለውን ቡድናችንን ሰው የሚለየው በዚህ ድምፅ ነው። ከመንገድ ማዶ ሆኖ የሰማው ሁሉ «ቴዎዶሲዮ ነው» ይላል።

ስንወርድ ዶን ቴዎዶሲዮ ከፊት ነበሩ፤ ቀጥሎ ከበሮ መቺውና ቤዝ ተጫዋቹ፣ ከዚያም እኔ፣ ከሁላችን ኋላ ደግሞ ሳቢኖ። ሳቢኖ ሁለተኛውን ጊታር ይጫወታል። የአገሬ ልጅ ነው። ከሁዋንካቬሊካ ወደ ሊማ ስመጣ ከመናኸሪያ የተቀበለኝ፣ ክፍሉን ያካፈለኝ፣ ለዶን ቴዎዶሲዮም «ይህ ልጅ ገመድ ሲጠቀልል እንደ ሕፃን ያስተኛዋል» ብሎ ያስቀጠረኝ እርሱ ነው። ይህን ሁሉ አልዘነጋሁም።

«የአገሬ ልጅ፣» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እመቤቲቱ ሳጥኑን በምን ትከፍተዋለች? ካቻቢቴህን ጥለህላት መምጣት ነበረብህ እኮ።»

«ዝም በል፣ ይሰሙሃል።»

«ፍንጣሪው እላዩ ላይ እየዘነበ ነው። ቫዮሊን መሰላቸው እንዴ? ሽቦ ነው ይሄ!»

ከመታጠፊያው ስንደርስ ኮቴው ጠፋብኝ። ተመልሶ ወደ ዓለቱ ሄዶ ነበር፤ ጃኬቱን አውልቆ በፖንቾው ላይ ሲደርብ አየሁት። ሲደርስብን በሸሚዝ ብቻ ነበር፤ እየተንቀጠቀጠ ይስቃል። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ከሁሉም ቀድሜ ወደ ዓለቱ ወጥቼ ጃኬቱን አነሣሁ፣ ዶን ቴዎዶሲዮ እንዳያዩት። ይህን ያደረግኩት ለሳቢኖ ስል ነው። አሁን ከአልጋዬ ትይዩ ተሰቅሎ ይንጠባጠባል።

ሰኞ፣ ጁን 12

ትናንት አቴ ሰፈር ሠርግ ላይ ተጫወትን። በሦስተኛው ዘፈን መካከል ሳጥኑ እንደሚጠበስ በቆሎ ተንጣጣ፤ ቀዩ መብራቱም ጠፋ። ዶን ቴዎዶሲዮ ደጋግመው ረገጡት። ጊታራቸው ብቻውን ቀረ፤ ያለ ማሚቶ ሲሰማ የሰውዬውን ዕድሜ ይናገራል።

በዚህን ጊዜ ሳቢኖ ወደ እርሳቸው ተጠጋ። የጊታሩን ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ እርሳቸው አንድ ሐረግ በተጫወቱ ቁጥር ያንኑ ሐረግ ወዲያው መለሰላቸው፤ ከዚያም ደገመው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የደከመ ሆኖ። ማሚቶውን በጣቱ ሠራው። አንድም ዳንሰኛ አላወቀም። ዶን ቴዎዶሲዮ ግን ዘፈኑ ሲያልቅ አንገቱን አንቀው ሳሙት።

«አንተ ሰይጣን! ሳጥኑን ውጠኸዋል?»

«ጨጓራዬ ውስጥ ነው ማኤስትሮ። ለዚህ ነው እራት የማልፈልገው።»

ዶኛ ዜኖቢያ፣ ማለትም የዶን ቴዎዶሲዮ ሚስት፣ ከጠሪዎቻችን ጋር የሚዋዋሉትም የሚጣሉትም እርሳቸው ናቸው። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ኢንጂነር? ሳጥኑ ሲሞት አንተ ምን ትሠራ ነበር? ገመድ ታስተኛለህ?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

የሁለተኛውን ጊታር ክፍል ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው በቃሌ አውቀዋለሁ። ሳቢኖ በሌለበት ጊታሩን አንሥቼ ብዙ ጊዜ ተለማምጃለሁ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሳጥኑ ሲበላሽ ግን የምጠየቀው እኔ ፍሮይላን ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጁን 13

ሥራውን በሥርዓት ጀመርኩ። የጊታሩን ገመድ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። አምፕሊፋየሩን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ሌላ ሶኬት ላይ ሰካሁ፤ ለውጥ የለም። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሳጥኑና አዳፕተሩ ነው። አዳፕተሩ ከሳጥኑ ጋር አብሮ የመጣ፣ እንደ ድንጋይ የከበደ ጥቁር ነገር ነው። ገመዱ ሳጥኑ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ላይ ወደ ጎን ሳጎብጠው መብራቱ አንድ ጊዜ ብልጭ አለ። ቀዳዳው ውስጥ አረንጓዴ ዝገት አየሁ፤ በጨርቅ ጠረግኩት። መብራቱ ግን ተመልሶ ስላልበራ በዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋሁም።

የኤሌክትሪክ መለኪያውን አወጣሁ። ሁዋንካዮ ስድስት ወር ያሠሩኝ የራዲዮ ጠጋኝ ያስተማሩኝ ሕግ አጭር ነው፤ ቁልፉ ማዕበል የተሳለበት ላይ ሲሆን ለግድግዳ ሶኬት፣ ቀጥ ያለ መስመር የተሳለበት ለባትሪና ለአዳፕተር። ስለዚህ ቁልፉን ቀጥ ባለው መስመር ላይ አድርጌ የአዳፕተሩን ጫፍ ለካሁ። መርፌው ከዜሮ አልተነቃነቀም። ሦስት ጊዜ ለካሁ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

ስለዚህ የሞተው አዳፕተሩ ነው። ጀርባው ላይ 9 ቮልት ተብሎ ተጽፏል፤ ከዘጠኙ አጠገብ እንደ ትል የተጠማዘዘች ትንሽ ምልክት አለች። የፋብሪካው ጌጥ ትሆናለች።

ዶኛ ዜኖቢያ በበሩ ሲያልፉ «አገኘኸው?» አሉኝ። «አገኘሁት» አልኩ። ከመጣሁ ወዲህ እንዲህ ደረቴን ነፍቼ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጁን 14

ወደ መሣሪያ ገበያው ሄጄ ነበር። ካፊያ። ጭቃ። አውቶቡስ ላይ ሰው በሰው ላይ። ሻጩ፦ «ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው ወይስ ቀጥተኛ የምትፈልገው?» ከኋላዬ የቆሙ ተማሪዎች ያዳምጡ ነበር። «ዘጠኝ ቮልት ነው የምፈልገው። አውቀዋለሁ» አልኩ። ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት ቮልት በቁልፍ የሚመረጥበትን ሰጠኝ። ቀላል ነው፤ የወፍ ያህል ይመዝናል። በጋሪ ላይ ከሚሸጡት ትኩስ የገብስ መጠጥ ቀምሼ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ጁን 16

የአዲሱ አዳፕተር ጫፍ ለሳጥኑ ቀዳዳ አልሆነም። ስለዚህ የአሮጌውን አንገት ቆርጬ ጫፉን ከአዲሱ ገመድ ጋር በየድኩት። ብየዳው ያማረ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። የአሮጌውን ሬሳ የውዳቂ ካርቶን ውስጥ ጣልኩት።

በዚህ መካከል ሳቢኖ ገባ። «አሮጌው የት ሄደ?»

«ሞቷል።»

«ማን ገደለው? የሠርጉ ዕለት ስነቅለው እንደ ዳቦ ይሞቅ ነበር። የሞተ ነገር ይሞቃል እንዴ የአገሬ ልጅ?»

«አንተ ጊታርህን ተጫወት፤ ይህ የእኔ ሥራ ነው።»

እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ወጣ። ምናልባት ቃሌ ጠንክሮበት ይሆናል።

አዲሱን ሰካሁ። መብራቱ በራ! ሳጥኑን ረገጥኩት፤ ማሚቶ የለም፤ ዝቅ ያለ ማጉረምረም ብቻ። ኃይል አንሶት እንደሆነ ብዬ ቁልፉን ከዘጠኝ ወደ አሥራ ሁለት ገፋሁት። ለአፍታ ያህል ብቻ ነው የገፋሁት። መብራቱ ደመቀ፣ ከዚያ ጠፋ። ሽታ ሸተተኝ። ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን በዚህ ሰዓት ፕላስቲክ የሚያቃጥሉበት ጊዜ አለ።

መስኮቱን ከፈትኩ።

ቅዳሜ፣ ጁን 17

ዶን ቴዎዶሲዮ ሳጥኑን በጉልበታቸው ላይ አኑረው ልክ የታመመ ዶሮ እንደሚይዝ ሰው ሁለቱን እጆቻቸውን አሳረፉበት። «እንዴት ነው?» አሉኝ። አዳፕተሩን እንደቀየርኩ፣ ሳጥኑ ግን እንዳልተመለሰ ነገርኳቸው። ይህ ሐሰት አይደለም።

ሳጥኑን አገላብጠው አዩት። ከዚያም «ወደ ኋላ ያየ ሰው አለ» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ምንም ማለት አልነበረብኝም። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ዓይን ዓይንህን ሲያይህ ዝም ማለትም እንደ መዋሸት ነው። ስለዚህ ሳቢኖ ከመታጠፊያው እንደተመለሰ፣ በእመቤቲቱም ቦታ ላይ ጃኬቱን እንደጣለ ነገርኳቸው። ጃኬቱ እስካሁን አልደረቀም፤ አምጥቼ አሳየኋቸው።

የተናገርኩት እውነት ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩም።

ሰኞ፣ ጁን 19

ዛሬ ከግድግዳው ማዶ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

ዶኛ ዜኖቢያ፦ «ሠላሳ ዓመት የኖረ ሳጥን በአንድ ጃኬት ሞተ? ወይ ጉድ!»

ዶን ቴዎዶሲዮ፦ «አንቺ የቆላ ሰው ነሽ፤ የውሃውን ነገር አታውቂውም።»

«ውሃና ኤሌክትሪክ እንደማይዋደዱ ቆላም ደጋም ያውቃል፣ አንተ ሰውዬ!»

«ዜኖቢያ፣ ተይኝ።»

ከዚያም ሳቢኖን ወዳለሁበት ክፍል ጠሩት፤ ዶኛ ዜኖቢያም ነበሩ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ገመድ እጠቀልል ነበር። ዶን ቴዎዶሲዮ ሲጠይቁት መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ «ማን አየኝ?» አለ።  ዓይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዞረ መጨረሻ እኔ ላይ አሳረፈው። አፉን ከፈተ። አንድ ነገር ሊናገር እንደነበር እምላለሁ። ከዚያም ዘጋው።

«እሺ ማኤስትሮ፣» አለ፤ «ተመልሼ ነበር። ፍንጣሪው እንዳይመታው ብዬ ነው።»

እንዲህ ቶሎ ለምን እንዳመነ አልገባኝም። ክፍላችን ስንገባ ግን ከዕቃዬ መካከል ያለውን ያንን ያረጀ ሻንጣዬን አይቶ «አንተ ከዚህ ብትወጣ የት ትሄዳለህ?» ሲል ጠየቀኝ። «ለምን ትጠይቀኛለህ?» አልኩት። «እንዲያው ነው» አለና ተኛ።

ሰኞ፣ ጁን 26

ትናንት ዶን ቴዎዶሲዮ ሁላችንንም ወደ ፏፏቴው መልሰው ወሰዱን፣ ሳቢኖ ይቅርታ እንዲጠይቅ። የኮካ ቅጠል፣ ከረሜላና አንድ ጠርሙስ ቢራ ይዘናል። ሳጥኑን ከዓለቱ ሥር አኖርነው። ሳቢኖ ተንበረከከ። ሁላችንም ከኋላው ቆመን እንጠብቃለን።

«እመቤቴ፣» አለ፣ «ጃኬቴ ስለሸተተሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ብቸኛ ጃኬቴ ናት።»

ከበሮ መቺው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን አዞረ። ዶን ቴዎዶሲዮ ግን ዓይናቸው ደፈረሰ። ሲቆጡ አይቻቸው አውቃለሁ፤ እንዲህ ሲሆኑ ግን አላየሁም። «ድጋሚ» አሉ። ሳቢኖ ዞሮ ፊታቸውን አየ። ከዚያ በኋላ ቀልድ የሌለበትን ይቅርታ ጠየቀ፤ ግንባሩ እርጥቡን ድንጋይ እስኪነካ። ቢራውን አፈሰስን። ውሃው መውረዱን ቀጠለ።

ቤት ስንመለስ ሳጥኑን ሰካነው። እኔ ነኝ የሰካሁት፤ መብራት እንደማይኖር… እንደማይኖር ፈራሁ። አልነበረም።

ዶን ቴዎዶሲዮ ወደ መሬት እያዩ «ለቅዱስ ያዕቆብ በዓል ከእኛ ጋር አትመጣም» አሉት። «ከአንተ ጋር ጠብ የለኝም። ከአንተ ጋር የተጣላችው እርሷ ናት።»

«ማኤስትሮ፣ ማሚቶውን ማን ይመልስልዎታል?»

ሳጥኑን መልሰው በፖንቾው መጠቅለል ጀመሩ።

ይህ በእኔ ምክንያት የሆነ አይደለም። ሳቢኖ ቀልዱን ባይቀልድ ኖሮ ይምሩት ነበር።

ዓርብ፣ ጁን 30

ሳጥኑን ለማንም ሳልናገር ወደ መሣሪያ ገበያው ወሰድኩት። ከደረጃው ሥር ፕላሲዳ የሚባሉ ጠጋኝ ሴት አሉ፤ ዓይናቸው ላይ አጉሊ መነጽር አስረው ይሠራሉ። ሳጥኑን ከፍተው ገና ሳይነኩት አሸተቱት።

«ማነው ቀጥተኛ ያበላው?»

«ምን አሉኝ?»

«ይኸውልህ ልጄ፤ ይሄ ተለዋዋጭ ነው የሚበላው። ከግድግዳው እንደሚመጣው ዓይነት፣ ግን ዘጠኝ ብቻ። እዚህ ውስጥ ራሱ ነው ለሁለት የሚከፍለው። ቀጥተኛ ስትሰጠው ግማሹ ይራባል። ሲራብ ደግሞ ሰው ምን ያደርጋል? ይጨምርለታል። ይኸው አነደደው።» በወረንጦአቸው ጫፍ ጠቆር ያለች ነገር ነኩ። «ማሚቶውን የምትይዘው ይቺ ነበረች። ከተሠራች ሠላሳ ዓመት ይሆናታል፤ አሁን የለችም። ሊማን ብታስስ አታገኛትም።»

«ከዚያ በፊትስ? መጀመሪያ የተበላሸው ምን ነበር?»

ቀዳዳውን በብርሃን አዩት። «ብየዳው ለቋል። ዝገትም አለበት። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አሮጌው አዳፕተርስ?»

«ሞቶ ነበር። ለክተነዋል፤ ዜሮ ነው።»

«በማዕበሉ ነው በቀጥታው?»

ከዘጠኙ አጠገብ ያለችው ትል ትዝ አለችኝ። ምልክቷ ጌጥ አልነበረችም።

«ማነው የሠራው?» አሉኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ እንደ ሐኪም ነው የጠየቁኝ።

«ጓደኛዬ ነው» አልኩ።

«ለጓደኛህ ንገረው፤ ጀርባው ላይ ተጽፎለት ነበር።»

ሰኞ፣ ጁላይ 3

ዛሬ ለዶን ቴዎዶሲዮ ልነግራቸው ነበር። ጥርሳቸውን አሟቸው ዋሉ። ሰው ጥርሱን ሲያመው እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 5

ዛሬም አልሆነም። እንግዶች ነበሩ።

ሳቢኖ የዶሮ ሾርባ ገዝቶ አመጣልኝ። ለሁለት ከፈለው። «ለምን አትበላም?» አለኝ። በልቻለሁ አልኩት። ስለ ሳጥኑ አንድም ቃል አልተናገረም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጁላይ 9

ዶን ቴዎዶሲዮ ከምሳ በኋላ ጠሩኝ። የሳቢኖን ክፍል ማን ሊጫወተው እንደሚችል ጠየቁኝ። ሁሉንም ዘፈኖች እንደማውቃቸው ነገርኳቸው። ጊታር ሰጡኝ፤ ስድስቱን ተጫወትኩ። አልተሳሳትኩም። ዶኛ ዜኖቢያ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ኢንጂነሩ ለካ ሲጠብቅ ነበር» አሉ።

ዶን ቴዎዶሲዮ ትከሻዬን ያዙኝ። «ቢያንስ ይሄ ልጅ ሕግ ያከብራል። ወደ ኋላ አላየም።»

ሦስት ዓመት ስጠብቀው የነበረ ቀን ነው። እዚህ ላይ ደስ ብሎኛል ብዬ ለመጻፍ ነበር የተቀመጥኩት።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 11

ሳቢኖ ነገ ይሄዳል። ላ ኦሮያ ከተማ የሚኖረው አጎቱ የጭነት መኪና አለው፤ ረዳት ይፈልጋል። ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቀለለው። ዕቃውን ሲሸክፍ የውዳቂውን ካርቶን ገልብጦ ሲፈታትሽ አየሁት። «ምን ጠፋህ?» አልኩት።

«ምንም። ካልሲ።»

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ሁለት ጊዜ። በሁለተኛው ጊዜ ቀድሞኝ «ሦስተኛው ዘፈን ላይ አትቸኩል፣» አለኝ። «ሽማግሌው እዚያ ጋ ትንሽ ይዘገያል፤ ጣቱ ስለሚያመው ነው። እንዳወቅህበት አታሳየው። ብቻ ጠብቀው።»

ረቡዕ፣ ጁላይ 12

ጠዋት አምፕሊፋየር ለማምጣት ወጥቼ ስመለስ ሄዷል። ጃኬቱን ትቶታል። አልጋው ተነጥፏል።

አልጋዬ ላይ አሮጌው አዳፕተር ነበር። የቆረጥኩት አንገት በሌላ ጫፍ ተቀጥሎ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ብየዳው አስቀያሚ ነው፣ የጊታር ተጫዋች ብየዳ። ስፒናው ሶኬት ላይ ተሰክቷል። የመለኪያዬ ሁለት ሽቦዎች በልብስ መቆንጠጫ ጫፉ ላይ ታስረዋል፤ የመለኪያው ቁልፍም ማዕበሉ ላይ ዞሯል።

መርፌው ዘጠኝ ላይ፣ እንዲያውም ከዘጠኝ ጥቂት አልፎ፣ ቆሟል። አይንቀጠቀጥም።

አዳፕተሩን ነካሁት። ይሞቃል።

ወረቀት ፈለግኩ። ምንም የተጻፈ የለም። መናኸሪያው ድረስ መሄድ እችል ነበር፤ አውቶቡሱ የሚነሣው በአራት ሰዓት ነው። ሰዓቱን አየሁ፤ ገና ሦስት ሰዓት ነበር። ከዚያ ልምምድ እንዳለብኝ ትዝ አለኝ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 26

ትናንት የቅዱስ ያዕቆብ በዓል ነበር። ግቢው ሞልቶ ሰዉ እስከ አስፋልቱ ተርፏል። የአገሬ ሰዎች ናቸው፣ ባርኔጣቸው ላይ አበባ የሰኩ፣ ገና ከቀትር ጀምሮ የሰከሩ። ዶን ቴዎዶሲዮ ከመውጣታችን በፊት «ሳቢኖ ሠርጉ ላይ እንዳደረገው መልስልኝ» አሉኝ። እሺ አልኩ።

በመጀመሪያው ዘፈን እንደምንም ሠራሁት። በሁለተኛው ቀደምኳቸው። በሦስተኛው፣ ጣታቸው የሚዘገይበት ቦታ ስንደርስ፣ መጠበቅ እንዳለብኝ እያወቅሁ፣ ምክሩ በጆሮዬ ውስጥ እየጮኸ፣ ቸኮልኩ። ሐረጉን ገና ሳይጨርሱት መለስኩት። ማሚቶ ከጠሪው ቀድሞ ሲጮህ የሰማ ሰው የለም። ከፊት የቆመ አንድ ሰካራም «ሁለት ቴዎዶሲዮ! አንዱ ይውረድ!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሳቀ። ዶን ቴዎዶሲዮ ጊታራቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። አልተቆጡም። ቆም ብለው ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ማሻሸት ጀመሩ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው። የቀረውን ዘፈን ቤዙና ከበሮው ጨረሱት።

በመኪናው ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «የመጨረሻዬ መሆኑ ነው» አሉ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ወጥ ቤቱ አጠገብ ተቀምጬ ገመዶቹን እጠቀልል ነበር። ዶኛ ዜኖቢያ ሽንኩርት ይልጣሉ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር የተነሣሁት። ሳጥኑን፣ አዳፕተሩን፣ ቁልፉን ከዘጠኝ ወደ አሥራ ሁለት መግፋቴን፤ ሁሉንም በልቤ በቅደም ተከተል አሰናድቼዋለሁ። ለእርሳቸው ብነግራቸው ለዶን ቴዎዶሲዮ እርሳቸው በቀስታ ያደርሱልኛል ብዬ ነው።

«ዶኛ ዜኖቢያ፣» አልኩ።

«ቆይ፣» አሉ፤ ራሳቸውን ከሽንኩርቱ አላነሡም። «አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። እኔ የቆላ ሰው ስለሆንኩ አይገባኝም፤ አንተ የደጋው ልጅ አስረዳኝ። ያን ዕለት ተሰልፋችሁ ስትወርዱ ሳቢኖ ከሁላችሁ ኋላ ነበር አይደል?»

«አዎን።»

«አንተ ከፊቱ ነበርክ።»

«አዎን።»

«ታዲያ እርሱ መመለሱን አንተ በምን አየኸው?»

እጄ ገመዱ ላይ ቆመ። ቢላቸው ግን አልቆመም።

«ሳቢኖ ሞኝ አልነበረም» አሉ። «ይቺን እኔ ያገኘኋትን እርሱም በዚያው ዕለት አግኝቷታል። አፉን ሲከፍት አይቼዋለሁ።»

«ዶኛ ዜኖቢያ፣ እኔ ልነግርዎት የፈለግኩት…»

«አትንገረኝ!» ቢላውን አስቀመጡት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ሽንኩርቱ ይሆናል። «ምንም አትንገረኝ። ከነገ ወዲያ ዓርብ የነፃነት በዓል ነው፤ ሁለት ቦታ ቃል ገብቻለሁ። ሽማግሌው ሁለቱንም ልጆች በአንድ ወር ቢያጣ አይነሣም። ሁለተኛ ጊታር ያስፈልገኛል። መጥፎም ቢሆን።»

ቢላውን መልሰው አነሡ።

«ሦስተኛው ዘፈን ላይ አትቸኩል» አሉ።

ገመዶቹ ሃያ ሦስት ናቸው። ጠቅልዬ ጨረስኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኳቸው።